11:50፦ አንድ የሕክምና ካርድ በሁለት ዓይነት ሰዓት ሲነበብ

ፋይሉ የመጣው በጥቁር ፌስታል ነው። 83 ገጽ ፎቶ ኮፒ። እናትየው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ እጇን ግን ከላዩ አላነሳችም። ልጁ ከጎኗ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል፣ በግራ እጁ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ነው። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ተቆልምመው ቀርተዋል።

«በቀኝህ ብላ ማለት ካቆምኩ ቆየሁ» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ሲወድቅ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቢሮ የመጣ ቀን ስምንት ሊሞላው ነበር።

ይህን የምጽፈው እናትየው ፈቅዳልኝ ነው። የሕክምና ተቋሙን አልጠራም። ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ፣ እሱንም አልናገርም። ሰው የሚያሳውቁ ጥቃቅን ነገሮችን ቀይሬአለሁ። ሰዓቶቹን ግን አልነካሁም። ጉዳዩ ራሱ የሰዓት ጉዳይ ነው።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል። ነርስ ነኝ። 14 ዓመት ዋርድ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን በቀዶ ሕክምናና በድንገተኛ ክፍል። አሁን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ካላቸው አንድ ጠበቃ ጋር እሠራለሁ። መርፌ አልወጋም፣ ቁስል አላጥብም። የሰው ካርድ አነባለሁ። ሐኪሙ ምን አዘዘ? ነርሷ ምን ሰጠች? በስንት ሰዓት? ማን ፈረመ? የትኛው ገጽ ጎደለ? ይህን አወጣና ጠበቃው በሚገባቸው አማርኛ እጽፋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። የሙያ ማረጋገጫ ፈተናቸው ላይ ለመቀመጥ በሥራው 2,000 ሰዓት ማሳለፍ ይጠይቃል። እኔን ማንም አልፈተነኝም። ጠበቃው፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ አንድ ቀን «ሲስተር፣ ይሄ ምን ይላል?» ብለው የሐኪም ጽሑፍ አሳዩኝ። እንደዛ ተጀመረ።

አብዛኛው ቀን ድራማ የለውም። ጠዋት ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ዳገቱን እወጣለሁ። ታች ሙቀት ነው። ደሴ ስደርስ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ጋቢ ያስመኘኛል። ቢሮ ገብቼ ገጽ መቁጠር ነው። የሚበዛው ፋይል የመኪና አደጋ ነው። ቀጥሎ የፋብሪካ ጉዳት፣ ማሽን የበላው ጣት። እነዚህ ላይ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሐኪሞች ቦርድ በሰጠው የጉዳት መቶኛ ላይ ነው። ሕክምና ተበላሸብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ከመጡትም ብዙዎቹን «ይሄ ጥፋት አይደለም፣ በሽታው ነው» እላቸዋለሁ። ጋሼ በዚህ አንዳንዴ ይበሳጩብኛል። ደንበኛ ነዋ የማባርርባቸው።

ወደ ፌስታሉ ልመለስ።

ፋይሉ ከመምጣቱ በፊት የልጁ አጎት ደውሎልኝ ነበር። ከድሮ ያውቀኛል። «እዛ የምታውቂያት ነርስ አትጠፋም። ካርዱን በስልክ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ፣ ምን አለበት?» አለኝ። ብዙ አለበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር ማውጣትን ወንጀል ያደርገዋል። ጓደኛዬን አሳስሬ ነው ጉዳዩን የማሸንፈው? ደግሞስ ተደብቆ የወጣ ወረቀት ችሎት ፊት ምን ይሠራል? እናትየው በሞግዚትነቷ ማመልከቻ ጻፈች። ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተም ያለበት ኮፒ ተሰጣት።

ቢሮ ስትመጣ አደጋው ከደረሰ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆኖት ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቅበትን ጊዜ ሁለት ዓመት ያደርገዋል። የሕክምና ውል ነበር ብሎ መከራከርም ይቻላል፤ የውል ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ይረዝማል። ጋሼ ግን በሰው ልጅ እጅ ቁማር አይጫወቱም።

«ሦስት ወር አለን» አሉኝ። «አንብቢልኝ።»

የእኔ ንባብ ከታሪኩ አይጀምርም። ገጾቹን በእርሳስ እቆጥራለሁ። ከዛ ወረቀት በሦስት እከፍላለሁ። አንዱ ዓምድ ላይ ሰዓቱ እንደተጻፈ፣ ሁለተኛው ላይ ወደ አንድ ሰዓት ተመልሶ፣ ሦስተኛው ላይ የተደረገው ነገር። ለምን ብትሉ፣ የእኛ ዋርድ ሁለት ሰዓት አለው። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ያትማል። አንዳንዱ ሐኪም በፈረንጅ ይጽፋል፣ አንዳንዱ በሀበሻ። ነርሷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይታ ትጽፋለች። ጠዋትና ማታ የሚል ምልክት የሚያደርግ እምብዛም ነው። አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ካርድ ላይ ግን የሚያመልጠው ሌላ ነው።

የልጁ ካርድ እንዲህ ይላል። ልጁ ከአጥር ላይ ወድቆ ከክርኑ በላይ ያለው አጥንት ተሰብሯል። በልጆች ዘንድ የተለመደ ስብራት ነው። ራጁ ላይ ማሽኑ 15:12 ብሎ አትሟል። ሐኪሙ አጥንቱን መልሶ ክንዱን ዙሪያውን በጀሶ አሰረ። ሰዓቱን 3:45 ብሎ ጻፈ። ለክትትል እንዲያድር ታዘዘ።

የነርሷ ማስታወሻ፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው፦ በ1:30 ልጁ ያመኛል ይላል፤ ማስታገሻ (ዲክሎፌናክ) ተሰጠው። በ5:30 ሕመሙ አልቀነሰም፤ ጣቶቹ አብጠዋል፣ ቀዝቅዘዋል፤ ለተረኛ ሐኪም ተነግሯል።

የሐኪም ወረቀት ላይ ደግሞ፦ 8:15 ትራማዶል (ሌላ ማስታገሻ) ይሰጠው። 11:50 ጀሶው ተሰነጠቀ።

እኔም ደመደምኩ። ራጁ 15:12 ካለ፣ ጀሶው በ3:45 ታስሯል ማለት ከቀኑ 9:45 ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በፈረንጅ ሰዓት ይጽፋል። በዚሁ ስሌት 8:15 ከምሽቱ 2:15 ሆነ። 11:50 ደግሞ ከሌሊቱ 5:50። ነርሷ በ5:30 ነገረች፣ ሐኪሙ በ5:50 ከፈተ። ሃያ ደቂቃ። ለአንድ ተረኛ ሐኪም ሃያ ደቂቃ ጎበዝ ያስብላል።

«ጋሼ፣ ደካማ ነው» አልኳቸው። «ቶሎ ደርሰውለታል።»

እንዲህ ጥርት ብሎ የሚገጥም ካርድ ሳይ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። ለምን እንደሆነ አሁንም አስባለሁ። ምናልባት የጻፈችው ነርስ ስላሳዘነችኝ ይሆናል። እኔም ብቻዬን ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ነገሩ በሃያ ደቂቃ እንዲያልቅላት ፈልጌ ይሆናል።

ጋሼ ለእናትየው በቀስታ ነገሯት። አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካክላ ለመነሳት ስትል፣ «ሃያ ደቂቃ?» አለች። «ወላሂ ሲስተር፣ ጀሶውን ሲከፍቱለት ሱብሂ አዛን ብሎ ነበር። ሰዉ ከመስጊድ ሲወጣ በመስኮት አይቻለሁ።»

ሱብሂ። ወሩ ጥቅምት ነበር። ያኔ በእኛ አካባቢ የሱብሂ አዛን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ሲያልፍ ነው።

እናት ትሳሳታለች። ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስባት ያደረች እናት ይበልጥ ልትሳሳት ትችላለች። አዛንን ግን፣ ከመስጊድ ሲወጣ ከታየ ሰው ጋር፣ ማምታታት ከባድ ነው። ፌስታሉን መልሼ ተቀበልኳት።

በማግስቱ ሥራ የጀመርኩት ከፊርማዎቹ ነው። የ3:45 ፊርማና የ11:50 ፊርማ ሁለቱም ጭረት ናቸው። አንድ ሰው ብዬ አልፌያቸው ነበር። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የመጀመሪያው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሁለተኛው ወደ ታች ይታጠፋል። የቀኑ ሐኪምና የሌሊቱ ተረኛ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የቀኑ በፈረንጅ ጻፈ ማለት የሌሊቱም በፈረንጅ ጻፈ ማለት አይደለም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው ያመለጠኝ።

ቀሪው ማረጋገጫ ፍለጋ ነው። የመድኃኒት መስጫውን ቅጽ ከፋይሉ መሃል አጥቼው ነበር። መጨረሻ ላይ አገኘሁት፣ ገጽ 71፣ ተገልብጦ ኮፒ የተደረገ፣ በሁለት የፈሳሽ መቆጣጠሪያ ቅጾች መሃል። አዞርኩት። ትራማዶል የሚል መስመር አለ። መጠኑ፣ የነርሷ ፊርማ፣ ሰዓቱ 8:20። ከሰዓቱ ጎን፣ በዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሃል፣ በአማርኛ አንዲት ቃል፦ «ሌሊት»።

ከሌሊቱ 8:20። ትእዛዙ 8:15፣ መድኃኒቱ 8:20። ተረኛው ሐኪም የጻፈው በሀበሻ ሰዓት ነው። 11:50ም የሀበሻ ነው። ሊነጋጋ ሲል።

ሠንጠረዡን ከዜሮ ጻፍኩት። ከቀኑ 9:45 ጀሶ። ከምሽቱ 1:30 ሕመምና ማስታገሻ። ከሌሊቱ 5:30 እብጠት፣ ቅዝቃዜ፣ ለሐኪም ተነገረ። ከሌሊቱ 8:15 ሌላ ማስታገሻ። ከሌሊቱ 11:50 ጀሶ ተሰነጠቀ። ነርሷ ከነገረች ጀምሮ ስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።

ስድስት ሰዓት ለምን ያስፈራል? የክንድ ጡንቻ በማይለጠጥ ስስ ልባስ ተጠቅልሎ ነው ያለው። አጥንት ሲሰበር ውስጡ ያብጣል። ዙሪያውን የደረቀ ጀሶ ካለበት እብጠቱ መሄጃ ያጣል። ግፊቱ ይጨምርና ደም ወደ ጡንቻው መግባት ያቅተዋል። ጡንቻ ያለ ደም ለአራትና ለስድስት ሰዓት ከቆየ መሞት ይጀምራል። የሞተ ጡንቻ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፣ ጣቶቹን ይዞ ይታጠፋል። ይህን የእጅ ቅርጽ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ቮልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ምክንያቱንም ከጠበቀ እሽግ ጋር አያይዞታል። እስከ ዛሬ በስሙ ነው የሚጠራው። አዲስ ግኝት አይደለም።

ነርስ ሆኜ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ምልክቱ ሕመም ነው። ለስብራቱ ከሚጠበቀው በላይ የሆነ፣ በማስታገሻ የማይበርድ፣ ጣቱን ቀስ ብለሽ ስትዘረጊው የሚያስጮህ ሕመም። የደም ምቱ እስከ መጨረሻው ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ «ምቱ አለ» ማለት አያስተማምንም። እንዲህ ያለ ልጅ ትራማዶል ሲሰጠው ደወሉን እንደማጥፋት ነው። መጀመሪያ ጀሶው ከጥጡ ጭምር እስከ ቆዳ ይከፈታል። ያ ካልበቃ ቀዶ ሕክምና ነው።

ለጋሼ ይህን ሳስረዳ በቡና ሲኒ ነው ያሳየኋቸው። ሶፍት አርሼ ሲኒው ውስጥ ጠቀጠቅኩ። «ሲያብጥ ወዴት ይሂድ?» አልኳቸው። ሲኒውን አነሱት፣ አዩት፣ ዝም አሉ። በኋላ ችሎት ላይም የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ ሲኒውን ባይዙትም።

እዚህ ጋ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ክሱ ቀረበ፣ ይርጋው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው። የተቋሙ መልስ ሲመጣ ሁለት ነገር ይላል። አንድ፣ ጀሶው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተከፍቷል። ይህን እየጠበቅን ነበር። ሁለት፣ የልጁን እጅ ያበላሸው ወጌሻ ነው።

ወጌሻ?

እናትየውን ጠራናት። መሬት መሬት አየች። አብራት የመጡት አያትየው ናቸው የመለሱት። «እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ ልጄ። ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ። ጣቱ አልዘረጋ ሲል ጊዜ ወጌሻውን በቅቤ እሽልኝ አልኩት። ምን ላድርግ?»

«እማማ፣ ለምን አልነገሩንም?»

«አልጠየቃችሁኝማ።»

እውነታቸውን ነው። አልጠየቅንም። አሁን ማንም ፋይል ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ከምጠይቀው አንዱ ወጌሻ ነው፣ ጠበል ነው፣ የቤት መድኃኒት ነው። የምጠይቀው ለመውቀስ አይደለም። ወሎ ላይ ልጁ ወድቆ ወጌሻ ያልታሰበበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። እኔ ራሴ በልጅነቴ ቁርጭምጭሚቴን የታሸሁት ወጌሻ ጋ ነው፤ ደህናም ሆኖልኛል።

ወደ ካርዱ ተመለስኩ። ጀሶው በተከፈተ ማግሥት ጠዋት፣ በቀኑ ሐኪም ዙር ላይ፣ ሁለት መስመር አለ። ቆዳው አረፋ አውጥቷል። ጣቶቹን መዘርጋት አልቻለም፤ ሲዘረጉለት ያለቅሳል። ይህ ወጌሻው ልጁን ከማየቱ ስምንት ቀን በፊት የተጻፈ ነው። ማሸቱ ጠቅሞታል አልልም። ጉዳቱ ግን ወጌሻው ቤት አልተጀመረም። ተቋሙ ራሱ ጽፎታል።

የእኔ ሪፖርት አራት ገጽ ነው። «ሐኪሙ አጥፍቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር የለበትም። ያንን ማለት የእኔ ድርሻ አይደለም። ነርስ ስለ ነርስ ሥራ ትናገራለች፤ ጀሶው መቼ መከፈት ነበረበት የሚለውን የአጥንት ስፔሻሊስት ነው የሚመልሰው። እኔ የጻፍኩት በየትኛው ገጽ ላይ ምን እንዳለ፣ ሰዓቱ ለምን እንደዚያ እንደሚነበብ፣ ስፔሻሊስቱስ ምን ቢጠየቅ እንደሚጠቅም ነው። የጠበቃ ሰው ነኝ ብዬ ለከሳሽ የሚያደላ ነገር ብቻ አልመርጥም። ወጌሻውንም አስገብቼዋለሁ። ጋሼ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር።

ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት አዘዘ። አስተያየቱ ከመምጣቱ በፊት ግን ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ተረኛው ሐኪም ለምስክርነት ቀረበ። ወጣት ነው። ዳኛው ወረቀቱን አሳይተው «ይህ 11:50 በፈረንጅ ነው ወይስ በሀበሻ?» ብለው ጠየቁት። የተቋሙ ጠበቃ ለመናገር ተነሳ። ዶክተሩ ቀደመው።

«በሀበሻ ነው። ሊነጋ ሲል።»

ለምን እንደዘገየም ተጠየቀ። በዚያ ሌሊት ብቻውን ነበር። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ የምትደማ ወላድ ይዞ ቀዶ ክፍል ገብቷል። ትራማዶሉን ያዘዘው በመሃል ለደቂቃዎች ወጥቶ ነው፣ ልጁን በደንብ ሳያየው። ወላዷ ተርፋለች። ይህን ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። እናትየው ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እሱ ክፉ ስትናገር አልሰማኋትም።

ይህ ተቋሙን ነፃ አያወጣም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2651 ሐኪሞቹና ሠራተኞቹ በጥፋታቸው በሽተኛ ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት ተቋሙን ነው ተጠያቂ የሚያደርገው። ለአንድ ሌሊት አንድ ሐኪም የመደበው ማን ነው? ጋሼ ክሱን በተቋሙ ላይ ብቻ ያቀረቡት ለዚህ ነበር። ዶክተሩን ለብቻው እንክሰስ የሚለውን የአጎትየውን ሐሳብ ገና ከጅምሩ አልተቀበሉም።

ከስፔሻሊስቱ አስተያየት በኋላ ሽማግሌ ገባ። ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ሼህ፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር። ሁለት ቅዳሜ ተቀመጡ። ስምምነቱ ችሎት ላይ ቀርቦ ተመዘገበ። የገንዘቡን መጠን አልጽፍም። በውስጡ የጅማት ቀዶ ሕክምናው፣ የአዲስ አበባ ምልልሱና የእጅ እንቅስቃሴ ሕክምናው ወጪ አለበት። ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል ያለን ሐኪም የለም። እርሳስ ለመያዝ ይበቃው ይሆናል።

ስምምነቱ የተፈረመ ዕለት እናትየው ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። ያቺ የሌሊት ነርስ አሁን የት እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። «ሰላም ልበላት ብዬ ነው» አለች። አውቃለሁ፣ ግን አልነገርኳትም። ነርሷንም አላነጋገርኳትም። ስሟ ያለበት ገጽ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከነ«ሌሊት»ዋ።

ባለፈው ወር እናትየው ቢሮ መጣች። ከአዲስ አበባ የተሰጣትን የቀጠሮ ካርድ ይዛለች። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል። ሰዓቱ 9:00 ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ካርዱን በግንባሩ ወደ እኔ አዞረችው።

«ሲስተር፣ ይሄ የማን ሰዓት ነው?»

ስልኩን አነሳሁና ደወልኩ። ብዙ ጠራ። ያነሳችው ልጅ ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል።

«የጠዋቱ ሦስት ሰዓት» አለች።

ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ ጨመርኩት።